የላሜራው በር ድምፅ

ሰኞ ጠዋት ውሃ መጥቶ ነበር። ቧንቧው ሲያንጎራጉር ሰምቼ ተነሳሁ፤ በርሜሉን ሞላሁና የተረፈውን በጀሪካን ቀዳሁ። የትናንት ዳቦ በሻይ በላሁ። ከቤት ስወጣ የግቢውን የላሜራ በር በሁለት እጄ ከፍ አድርጌ ሳብኩት፤ ከፍ ካላደረጉት የታችኛው ጠርዙ ሲሚንቶውን እየፋቀ ይጮሃል። ጎረቤቴ ሀኒፋ በራፏ ላይ ቆማ ልጇን ዚነትን ወደ ትምህርት ቤት ትሸኛለች። ሹራቤን አየችና «ዛሬም ጥቁር?» አለችኝ። ብርድ ነው አልኳት።

ለቡ መብራት ኃይል ታክሲ ያዝኩ። ሰው ሲሞላ ረዳቱ «ሳበው» አላለም። በያዘው ሳንቲም የመኪናውን በር መታ፤ ሁለቴ ቶሎ ቶሎ፣ ትንሽ ቆይቶ አንዴ። ተሳፋሪው ሳቀ። ከኋላ የተቀመጠች ሴት ትናንት በዚህ ድምፅ ምክንያት መብራት ሳታጠፋ እንዳደረች ተናገረች። አጠገቧ ያለው ሰውዬ ደግሞ ልጆቹን ሽንት ቤት መሸኘት ሁለተኛ ሥራው እንደሆነ ነገራት። እኔ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። ላፍቶ ስንደርስ ወርጄ ወደምሠራበት ኮሌጅ ሄድኩ፤ ቤተ መጻሕፍቱን ከፍቼ አርብ የተመለሱትን መጻሕፍት ወደ መደርደሪያቸው መለስኩ።

ረዳቱ የመታው ምት የባሌ ነበር።

ባሌ ነጋ የድምፅ ባለሙያ ነበር። «የማታ ደጅ» የሚባለውን ተከታታይ ድራማ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ ድምፁን የሠራው እሱ ነው። አንድ ደንብ ነበረው፤ የአንድ ነገር ድምፅ የሚቀዳው ነገሩ ካለበት ቦታ ነው። ከኢንተርኔት የወረደ ዝናብ፣ ከሌላ ፊልም የተገለበጠ በር አይቀበልም ነበር። ስለዚህ ድራማው ውስጥ የሚከተፈው የእኔ ሽንኩርት ነው፤ የሚዘንበውም በእኛ ቆርቆሮ ላይ ነው። የድራማው አባት ጋሽ ማኑሄ ከሥራ ሲገባ የሚሰማው ደግሞ የነጋ የራሱ አመጣጥ ነው።

የቀዳው በአንድ ከሰዓት በኋላ ነው። አብሮት የሚሠራውን ጸጋአብን ማይክ አስይዞ ግቢ ውስጥ አቆመውና እሱ እስከ አስፋልቱ ሄዶ ተመለሰ። ቀኝ ጉልበቱ በወጣትነቱ ኳስ ሲጫወት ስለተጎዳ ትንሽ ይጎትት ነበር፤ አንዱ እርምጃ ጠንከር፣ አንዱ ሳሳ ይላል። በሩ ጋ ሲደርስ በቁልፉ ላሜራውን መታ፤ ሁለቴ፣ ትንሽ ቆይቶ አንዴ። ደወል ነበረን። ነጋ ግን ደወሉን ነክቶት አያውቅም።

እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ። ቀረጻ እንደሆነ ተነግሮኛል፣ እንዳልንቀሳቀስም ተነግሮኛል። ምቱን ስሰማ ግን ነጠላ ጫማዬ ጧ ጧ እያለ ሄጄ በሩን ከፈትኩት። ጸጋአብ ተበላሸ ብሎ ሳቀ። ነጋ አልሳቀም። «ተወው፣ ልክ እንደዚህ ነው» አለ።

እንደዚያው ተላለፈ። ዳይሬክተሯ ፌኔት ይህን ድምፅ ስትሰማ የጻፉትን ሁሉ ቀየረችው አሉ። በመጀመሪያው ምዕራፍ ጋሽ ማኑሄ ለብዙ ክፍሎች አይታይም፤ ሲመጣ ብቻ ይሰማል። እርምጃው ይሰማል፣ ቁልፉ ይሰማል፣ ካሜራው ያለው ግን ቤት ውስጥ ነው። ሚስትየዋ ቡታጋዙን ትቀንሳለች፤ ልጅቷ ስልኳን ትራስ ሥር ትከታለች፤ ትንሹ ልጅ በሩን እያየ ፈገግ ይላል። ከዚያ የሚከፍተው ሰው ነጠላ ጫማ። ሙዚቃ የለም። ሰው ይህን ወደደው። የሀኒፋ ባል ያሕያ፣ ከሱቁ መጋረጃ ልትገዛ የመጣች ደንበኛ ስለ «የማታ ደጅ» ስታወራ የኔ ጎረቤት በር ነው እኮ ቢላት በዚያው ዋጋ እንዳስቀነሰችው እየሳቀ ነግሮኛል።

ነጋ የሞተው ሁለተኛው ምዕራፍ ሊያልቅ ሲል ነው። ስለዚያ እዚህ የምጽፈው የለኝም። ከአርባው በኋላ ልብሶቹን ሰጠሁ። ጸጋአብ መጥቶ ምንም አልመረጠም፤ ስለ ጫማዎቹ ግን ጠየቀኝ። ቡናማውን የቆዳ ጫማ ሰጠሁት።

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሲሆን ወደ ሀኒፋ ቤት መሄድ ጀመርኩ። ቴሌቪዥን አለኝ፤ እሷ ግን ለምን እንደምመጣ ጠይቃኝ አታውቅም። አልፎ አልፎ ትተርበኛለች እንጂ። «ሰው ድራማ ያያል፣ አንቺ ታዳምጫለሽ» ትላለች። እውነቷን ነው። ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ እጠብቃለሁ፤ ጠንከር፣ ሳሳ፣ ጠንከር፣ ሳሳ፤ ከዚያ ቁልፉ። ለዚያች ቅጽበት ነጋ ወደ ቤት ይመጣ ነበር። የቀረኝ ያ ድምፅ ነው። ፎቶ አለኝ፣ ፎቶ ግን አይመጣም።

በሦስተኛው ምዕራፍ ጋሽ ማኑሄን የሚጫወተው ተዋናይ ሌላ ሥራ አገኘና ገጸ ባሕርዩ እንዲሞት ተደረገ። ድምፁ ግን አልቀረም። ቤተሰቡ ኀዘን ላይ ተቀምጦ ሳለ አንድ ማታ በሩ በሟቹ ምት ተንኳኳ። ያን ቀን ዚነት ጮኸች፤ እኔ ደግሞ ሳላውቀው ተነስቼ ቆሜ ነበር። ጥሩ ክፍል ነበር፣ አልክድም። ችግሩ በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ መንኳኳቱ ነው፤ ከዚያም በሚቀጥለው። እያንዳንዱ ክፍል በዚያ ምት ያልቅ ጀመር። የከፋቹ ነጠላ ጫማ ተቆርጦ ወጣ። የሚከፍት ሰው የለማ።

አራተኛው ምዕራፍ ላይ ሀኒፋም ተሰላቸች። «ድሮ ሰውዬው ገብቶ እራቱን ይበላ ነበር። አሁን ዓመት ሙሉ በር ላይ ገትረውት ቀሩ» አለች። ያሕያ ምናልባት እራቱን አልወደደው ይሆናል አላት። እነሱ ሲሳሳቁ እኔ ሌላ ነገር አስብ ነበር። በመጀመሪያው ምዕራፍ ያ ሰው ባይታይም ማን እንደሆነ እናውቃለን፤ ስለዚህ ቤቱ ውስጥ አለ። አሁን የማይታየው ማንም ስላልሆነ ነው። መደበቁ ያው አንድ ዓይነት መደበቅ ነው፤ የተደበቀ ነገር ግን የለም። ይህን ለሀኒፋ አልነገርኳትም። የሰፈሩ ልጆች በሳንቲም የሰው በር እየመቱ መሮጥ ጀምረው ነበር፤ ዚነት ከመሸ በኋላ ግቢ ውስጥ ካለው ቧንቧ ውሃ መቅዳት እምቢ ብላ ነበር።

ውሃ የመጣበት ሰኞ አልፎ ረቡዕ አመሻሽ ላይ፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ ሻይ ጥጄ ሳለ ከውጭ እርምጃ ሰማሁ።

ጠንከር፣ ሳሳ። ጠንከር፣ ሳሳ።

ከቴሌቪዥን እንዳይሆን ጆሮዬን ወደ ሀኒፋ ግድግዳ አዞርኩ። ከዚያ አይደለም፤ ከመንገዱ ነው። አንድ ያልለመድኩት ነገር ግን ነበረው፤ ዝግታው። እያንዳንዱ እርምጃ መሬት ላይ ካረፈ በኋላ ይቆያል፣ የሚቀጥለው የሚመጣ አይመስልም፣ ከዚያ ይመጣል። በሬ ላይ ሲደርስ ቆመ። ከዚያም ቁልፍ ላሜራውን መታ፤ ሁለቴ፣ ትንሽ ቆይቶ አንዴ። በዚያው ሰዓት ሀኒፋ ከግቢዋ «ዚነት! መጣሽ አልመጣሽም?» ብላ ተጣራች።

ተነስቼ ነበር። እስከ ሳሎኑ በር ደርሻለሁ። ልጆች ቢሆኑ ይሮጣሉ፤ ይኸኛው አልሮጠም። ከበሩ ማዶ ዝም ብሎ ቆመ፣ ከዚያም በመጣበት ዝግታ ተመለሰ። ድፍረት አግኝቼ ስከፍት መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም። ሻዩ ገንፍሎ እሳቱን አጥፍቶታል።

አርብም መጣ። አርብ ከወንበሬ አልተነሳሁም።

ቅዳሜ ለሀኒፋ ነገርኳት፤ ባጭሩ፣ በሬን የሚያንኳኳ አለ ብዬ ብቻ። ልጆች ናቸው፣ እኔ እይዝልሻለሁ አለችኝና ሳቀች። ከዚያ ፊቴን አይታ ሳቋን አቆመች፤ እነሱ ጋ እንዳድርም ለመነችኝ። አይ አልኳት።

እሑድ እንደ ልማዴ ሄድኩ። ያሕያ ሱቅ ነበር፤ ሀኒፋ፣ ዚነትና እኔ ነን። ክፍሉ ረጅምና ባዶ ነበር። ቤተሰቡ ተቀምጦ ይፈራል፤ አንዱ ተነስቶ መስኮት ያያል፣ ሌላው ተነስቶ ያንኑ መስኮት ያያል። መጨረሻው ሲቃረብ እርምጃው መጣ። እንደ ድሮው አልነበረም። ረቡዕ የሰማሁት ዝግታ ነው። ጠንከር፤ መቆየት፤ ሳሳ፤ መቆየት። ከዚያ ቁልፉ ላሜራውን መታ፤ ከምቱ ሥር፣ በጣም ከሩቅ፣ ቀጭን የሴት ድምፅ አለፈ።

ሀኒፋ ልብ አላለችም። ዚነት ግን ከምንጣፉ ላይ ቀና ብላ እናቷን ማየት ጀመረች።

«እማ፣ ያንቺ ድምፅ ነው» አለች። «እኔን እየጠራሽኝ ነው።»

ሀኒፋ ሪሞቱን አንስታ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ በዝቅተኛ ድምፅ፣ ረቡዕ በርሽ የተንኳኳው ስንት ሰዓት ላይ ነው አለችኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በዚህ ነገር አንድ ዓመት ትተርበኝ ነበር።

በማግስቱ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ድራማው ወደሚሠራበት ቢሮ ሄድኩ፤ እዚያው ላፍቶ፣ ከኮሌጁ ብዙም አይርቅም። ጸጋአብ ጆሮ ማዳመጫ አድርጎ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጧል። ሲያየኝ ተነሳ። እኔ ያየሁት እግሩን ነው። የነጋን ቡናማ ጫማ አድርጎ ነበር፤ አስጠርጎታል፣ ክሩንም ቀይሮታል።

«በሬ ላይ የነበርከው አንተ ነህ?» አልኩት።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ ፀሐይ።»

እንድቀመጥ ወንበር ሳበልኝ። ቆሜ ሰማሁት። ፌኔት ለዚህ ምዕራፍ እርምጃው ዘግየት እንዲል ፈለገች አለ። የጋሽ ነጋ ቅጂ የሚቸኩል ሰው ነው፤ በኮምፒውተር ሲያዘገየው ድምፁ የአውሬ ሆነበት። ሌሎች በሮች ሞከረ፣ እዚህ ላፍቶ፣ ሀና ማርያም ድረስ ሄዶ፤ የትኛውም ላሜራ እንደ እኛ አይጮህም። መጨረሻ ላይ ጫማውን አድርጎ፣ ጉልበቱን እንደ ነጋ ለመጎተት ተለማምዶ፣ እኛ በር መጣ። ሊያስፈቅደኝ አስቦ ነበር። ግን ብነግራት ኀዘኗን እቀሰቅስባታለሁ፣ ቀስ ብዬ ቀድቼ ልሂድ አለ። የሀኒፋን ድምፅ ሊያጠፋው ሞክሮ ከምቱ ጋር ስለተጣበቀ አልወጣለትም፤ አርብ ደግሞ መጥቶ የቀዳውም እንደ ረቡዕ አልሆነለትም። ይህን ሁሉ ሲናገር ያፍር ነበር፤ በሥራው ግን አላፈረም።

«ነገሩ ካለበት ቦታ ቅዳ ያለኝ ጋሽ ነጋ ራሱ ነው» አለኝ።

ደንቡ የነጋ ነው። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ለሰው የራሱ ቤት ያስመሰለለት ያ ደንብ ነው፤ በጨለማ በሬ ላይ ሰው ያቆመብኝም ያው ነው።

«ነጋ ወደ ቤት ቀስ ብሎ መጥቶ አያውቅም» አልኩት።

«አውቃለሁ። የሚያስፈራው ለዚያ ነው።»

«ከበሩ ውጭ የቆመው ማነው ታዲያ?»

ጸጋአብ ወደ ተዘጋው የፌኔት ክፍል አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እሱን ገና አልወሰኑም።»

ፌኔት ራሷ ወጥታ አነጋገረችኝ። ትሑት ሴት ናት፤ በነጋ ቀብር ላይም ቆማ አልቅሳለች። ድምፁ ከድራማው እንዲወጣ ጠየቅኳት። ልትዋሸኝ አልሞከረችም። ተመልካች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የወደደው ይህን ነው፤ ስፖንሰሩም የሚጠይቀው ስለዚህ ነው፤ ጸሐፊዎቹ ሌላ መጨረሻ ባመጡ ቁጥር ሰዉ በሩስ የት ሄደ ይላል አለችኝ። እሱን ካወጣሁት ምን ይቀረኛል ብላ እጆቿን ዘረጋች። እውነተኛ መልስ ነበር። ጥያቄው ለኔም ይሆናል። ከዚያ በኋላ የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ነጋ የቀዳው የመጀመሪያው ቅጂ፣ ሳይቆረጥ፣ እንዲሰጠኝ። ፌኔት ለጸጋአብ ነገረችው፤ ከድሮው ዕቃ ፈልጎ እንደሚያመጣልኝ ቃል ገባ። እንግዲህ የራሴን ነጋ እወስዳለሁ፣ እነሱ በሌላኛው ይሥሩ ብዬ ወጣሁ። መንገድ ላይ ቀለል ብሎኝ ነበር።

ከጥቂት ቀን በኋላ፣ አመሻሽ ላይ፣ ድንች እየላጥኩ ነበር። መብራት ጠፍቷል። ሰፈሩ ጸጥ ብሏል፤ ከሩቅ የሀና ማርያም መንገድ የመኪና ድምፅ ብቻ ይሰማል።

የላሜራው በር ተመታ። ሁለቴ፣ ትንሽ ቆይቶ አንዴ።

ቢላዋውን አስቀምጬ ተነሳሁ። እግሬ መንገዱን ያውቃል፤ ከወጥ ቤት ሳሎን፣ ከሳሎን በረንዳ። የሳሎኑ በር ጋ ስደርስ እጄ ወደ መቀርቀሪያው ሄደ፤ ቀረቀርኩት። ከዚያ የላይኛውንም ቀረቀርኩ። ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ቆምኩ።

«እትዬ ፀሐይ» አለ ከውጭ። «ጸጋአብ ነኝ። ይቅርታ፣ እጄ ለምዶ ነው።»

ማን እንደሆነ አወቅኩ። ምን ይዞ እንደመጣም አወቅኩ። እጄ ግን ከመቀርቀሪያው አልተነሳም። ድጋሚ ጠራኝ። ስልኬ ጠረጴዛው ላይ በራ፣ ጠፋ። በመጨረሻ ከሀኒፋ ጋር ሲነጋገር ሰማሁት፤ ቀጥሎም እርምጃው ራቀ። እየጎተተ አልነበረም። የራሱ እርምጃ ነበር፣ የወጣት። እሱን ሰምቼም አልከፈትኩም።

ጸጋአብ ቅጂውን ያስቀመጠበትን ፍላሽ ሀኒፋ ጠዋት አመጣችልኝ። በበረንዳዬ ላይ ቆማ ጸጋአብን በር ላይ ማቆሜን ልትተርብ አፏን ከፈተች፤ ሁለቱን መቀርቀሪያዎች ስከፍት ሰምታ ነበርና ተወችው። ፍላሹን በእጄ አስጨበጠችኝ። ከፈለግሽ አብሬሽ እሰማለሁ አለች። ብቻዬን ይሻለኛል አልኳት።

የጠዋቱ ብርሃን በመስኮት ገብቶ ሳሎኑ ብሩህ ነበር። ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ከፍቼ ሰካሁት። መጀመሪያ የግቢያችን ጸጥታ መጣ፤ የሆነ ቦታ ዶሮ፣ የሆነ ቦታ የሚጠረብ እንጨት። ከዚያ ነጋ መጣ። ይቸኩላል። ጠንከር፣ ሳሳ፣ ጠንከር፣ ሳሳ፣ ዝናብ እንደያዘው ሰው። እሱ ነው፤ አልተጠራጠርኩም። ቁልፉ ላሜራውን ሲመታ ግን ትከሻዬ ተሰበሰበ፣ ፊቴን ወደ ሳሎኑ በር አዙሬ መቀርቀሪያውን አየሁ። ይህን ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ በጠራራ ፀሐይ፣ የባሌን አመጣጥ እየሰማሁ።

ቅጂው ቀጠለ። ከወጥ ቤት በኩል ነጠላ ጫማዋ ጧ ጧ እያለ አንዲት ሴት መጣች። አልዘገየችም፣ ማነው ብላ አልጠየቀችም። ላሜራውን ከፍ አደረገችና ሳበችው፤ ሲሚንቶውን ሳይፍቅ ተከፈተ። ጸጋአብ ተበላሸ ብሎ ሳቀ። ነጋ ተወው አለ።

ደግሜ አጫወትኩት። ደግሜ ፊቴ ወደ መቀርቀሪያው ዞረ። ሦስተኛ ጊዜ አልሞከርኩም፤ ፍላሹን ነቅዬ መሳቢያ ውስጥ አስገባሁት።

እሑድ ወደ ሀኒፋ ቤት አልሄድኩም። በግድግዳው በኩል ድራማው እንደተጀመረ ሰምቻለሁ፤ ዚነት ቀንሰሽ እዪ ስትባልም ሰምቻለሁ። ያሕያ ላሜራውን በሌላ በር ልቀይርልሽ፣ የማውቀው ብየዳ ቤት አለ ብሎኛል፤ እሺ አልኩት። አሮጌውን ወስደው አዲሱ እስኪገባ ግቢው አንድ ቀን ክፍት ይሆናል።

የነጋ ድምፅ በመሳቢያ ውስጥ አለ። ነጋ የለም፤ ይህን ካወቅኩ ቆይቻለሁ። አሁን በዚህ ቤት የጎደለችው፣ በሩ ሲንኳኳ ለመክፈት የምትነሳው ሴት ናት።